የአጋዘን ሥጋ ሲከረፋ፣ ጉበት ጉበት ሲልና ሲደርቅ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

አሜሪካ ያለ አበሻ የአጋዘን ሥጋ የሚያገኘው ወይ ፈቃድ አውጥቶ አድኖ ነው፣ ወይ ኖቬምበር ላይ ከሥራ ባልደረባና ከጎረቤት በስጦታ። በዱር የታደነ ሥጋ መሸጥ ስለማይፈቀድ ሱቅ ውስጥ የሚታየው የእርባታ አጋዘን ነው፤ ከኒውዚላንድ የሚመጣውም ብዙ ነው። የእርባታው ሥጋ ተመሳሳይ መኖ በልቶ፣ በቄራ ታርዶ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ ስለሚመጣ ጣዕሙ አያስቸግርም። የዱሩ ግን ከጥይቱ እስከ ምጣዱ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ከእነዚህ እጆች አንዱ ከተሳሳተ ሥጋው «አውሬ አውሬ ይላል» ይባልና ይጣላል።

ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእንስሳው አይደለም። ሥጋው የሚከረፋው፣ ጉበት ጉበት የሚለው፣ የሚጎመዝዘውና የሚደርቀው እያንዳንዱ በራሱ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ የሚስተካከለው ለሚቀጥለው ዓመት ብቻ ነው፣ አንዱ ደግሞ ሥጋውን ከመጣል ሌላ መላ የለውም።

መጀመሪያ ሳይቀመም ይቀመስ

ሽንኩርት ከመክተፋችሁ በፊት ከአንዱ ሥጋ የአውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች አውጡ። አንደኛውን ከስቡና ከነጩ ስስ ሽፋን ፈጽማችሁ አጽዱት፣ ሁለተኛውን እንዳለ ተዉት። በትንሽ ዘይት፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም፣ እያንዳንዱን ጎን አንድ ደቂቃ ጠብሱና መጀመሪያ አሽትቱ፣ ከዚያ ቅመሱ። ስብ ያለው ብቻ ከከረፋ ችግሩ ስቡ ነው፤ ሥጋውን በቢላ ታድኑታላችሁ። ሁለቱም እኩል ከከረፉ ችግሩ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

በርበሬና ኮረሪማ ጨምሮ ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም። የሚከረፋው ነገር የሚሟሟው በስብ ውስጥ ስለሆነ ንጥር ቅቤው ተቀብሎ ድስቱን ሙሉ ያዳርሰዋል። አንድ ያልጸዳ ቁራጭ የአምስት ፓውንድ ወጥ ያበላሻል።

ደኅናው ጣዕም ምን ይመስላል?

ሚድዌስት ውስጥ በቆሎና አኩሪ አተር እየበላ ያደገ ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ጮማ የሌለው የበሬ ሥጋ ይመስላል፤ ጥቂት ጣፈጥ ይላል። ምዕራብ ውስጥ ሴጅብራሽ የሚባለውን መዓዛማ ቁጥቋጦ ሲመገብ የከረመ ሚውል ዲር የሚባለው የአጋዘን ዓይነት የቅጠል ሽታ ይኖረዋል። ይህ የምግቡ ጣዕም ነው፣ ብልሽት አይደለም። ኤልክ የሚባለው ትልቁ የአጋዘን ዘመድ ሣር ከበላ ከበሬ ብዙም አይለይም፤ የዱር ሥጋ ቀምሶ ለማያውቅ እንግዳ ከእሱ መጀመር ይሻላል። ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ መሳይ እንስሳ ሥጋው ደቃቅና ለስላሳ ነው፤ ክፉ ስሙን ያተረፈው ገና የአየሩ ሙቀት ሳይበርድ በሚታደንበት ወቅት መኪና ላይ ሰዓታት ስለሚቆይ ነው። የዱር ተርኪ ከእርባታው የበለጠ ጣዕም አለው፣ እግሩ ግን ጅማት ብቻ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 እንደተጻፈው ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል፤ አጋዘን፣ ኤልክ፣ ፕሮንግሆርንና ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ሁሉም ያልፋሉ። ጥንቸል፣ የዱር አሳማና ድብ አያልፉም፤ ስለዚህ እዚህ አልገቡም። በጥይት ወድቆ ሳይታረድ የሞተው በክት ነው አይደለም የሚለው ደግሞ ለንስሐ አባት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ስለ ጣዕሙ ማለት የሚቻለው ይህን ነው፦ ልቡ መምታት ካቆመ በኋላ አንገቱን መቁረጥ ደም አያወጣም። ደሙን የሚያፈሰው ሳንባና ልብ ላይ ያረፈው ጥይት ነው፤ የቀረው ሆድ ዕቃው ሲወጣ ይፈስሳል።

ይከረፋል፣ የአውራ ፍየል ሽታ አለው

በሙክትና በአውራ ፍየል መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ ወዲያው ይለየዋል። በሰሜኑ ክፍለ ግዛቶች ወንዱ አጋዘን ሴት የሚከተልበት ወቅት ኖቬምበር ላይ ይጦዛል፤ የአደኑም ዋና ወቅት ያኔ ነው። በኋላ እግሮቹ ቋንጃ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የጠቆረና የረጠበ የጸጉር ጉብታ ይታያል። ወንዱ ሽንቱን እያፈሰሰበት እርስ በርስ የሚያሻሸው ዕጢ ያለበት ቦታ ነው። ሽታው በራሱ ወደ ሥጋው አይሰርግም፤ የሚያዛምተው የሰው እጅና ቢላ ነው። ጉብታውን ይዞ እግሩን የጎተተ ሰው በዚያው እጅ ሽንጡን ሲያገላብጥ ነገሩ አበቃ።

መፍትሄው ጉብታውን አለመንካት ነው። ቆርጦ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ቆዳው ሲገፈፍ አብሮ ይሄዳል። ከነካችሁት ጓንቱን ቀይሩ፣ ቢላውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። አንዲት የጸጉር ዘለላ እንኳ ሥጋው ላይ እንዳትቀር፤ ጸጉሩ ዘይትና ሽንት የተሸከመ ነው። በውሃ ማጠብ ጸጉሩን ይበትነዋል። በንጹሕ ጨርቅ እየጠረጉ ወይም በቢላ ጫፍ እየለቀሙ ማንሳት ይሻላል።

ሥጋው ቤት ከገባ በኋላ ከከረፋ ላዩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ላጡት፣ ስቡን በሙሉ አውጡ፣ ዕጢዎቹንም ፈልጉ። ታፋው መሃል፣ በትልልቆቹ ጡንቻዎች መገናኛ፣ በስብ የተከበበ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ባቄላ የሚያህል ዕጢ አለ፤ ወርቹም ፊት ለፊት አንድ አለው። እነዚህ ንፍፊት የሚሆኑት ዓይነት ዕጢዎች ናቸው። ሳይወጡ የተፈጩ እንደሆነ መራራ ጣዕም ይተዋሉ። በቢላ አትሰንጥቋቸው፣ ከነስባቸው ጎትታችሁ አውጡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ከከረፋ እንስሳው ያረጀ ወንድ ሳይሆን አይቀርም። ሽንጡን ለጥብስ አታባክኑት። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት አሬራ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ አስቀምጡት፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውም አሬራ ይሆናል። ከዚያ አድርቃችሁ ለቋንጣ አውሉት። አሬራው ላዩን ደምና ሽታ ይወስዳል፣ ጥልቅ የገባውን ግን አያወጣም፤ ተአምር አትጠብቁበት።

ላንቃ ላይ ሻማ ሻማ ይላል

ይህ የአጋዘን ሞራ ነው። ከበሬ ስብ ይልቅ የሚጠነክር ስለሆነ በአፍ ሙቀት አይቀልጥም፤ ጥርስና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። የለመድነው ጮማ ጣፋጭ ነው ብሎ የአጋዘኑን ስብ ማስቀረት ትልቁ የአበሻ ስሕተት ነው። የዚህ እንስሳ ጣዕም ያለው ቀዩ ላይ ነው። ነጩን ሁሉ አውጡ፦ በቆዳና በሥጋ መካከል ያለውን፣ ኩላሊቱን የከበበውን፣ በጡንቻዎች መካከል የተጋደመውን። ስስ የብር ቀለም ያለውን ሽፋንም ቢላውን ከሥሩ አጋድማችሁ፣ ስለቱን ወደ ሽፋኑ ቀና አድርጋችሁ፣ በረዥሙ ግፈፉት።

የጎደለውን ስብ በሌላ ተኩ። ለሚፈጭ ሥጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ የበሬ ስብ ይበቃል፤ ለ9 ፓውንድ ቀይ አንድ ፓውንድ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። አጋዘን የሚቆራርጡት ፕሮሰሰር ቤቶች የተፈጨውንና ቋሊማውን ከአሳማ ስብ ጋር መቀላቀል የተለመደ አሠራራቸው ነው። ትእዛዙ ሲሞላ «ምንም ስብ አይጨመር» ወይም «የበሬ ብቻ» ብላችሁ አጽፉ። ቋሊማ የሚያዘጋጁበት መፍጫም አንድ ነው፤ ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ቀዩን ሳያስፈጩ ተቀብሎ ቤት መፍጨት ነው። በስጦታ የመጣ የተፈጨ ሥጋም ከሆነ ከማብሰላችሁ በፊት ሰጪውን ጠይቁ።

ጉበት ጉበት ይላል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሳቱ ነው። የአጋዘን ሥጋ ቀይነቱ በብረት የበለጸገ ስለሆነ፣ ስብም ስለሌለው፣ ውስጡ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይደርቅና የብረትና የጉበት ጣዕም ይወጣዋል። «ደኅና ይብሰል» ብሎ ጥብሱን ሃያ ደቂቃ ማቆየት ይህን ጣዕም በገዛ እጅ መሥራት ነው።

የጥብስ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ሽንጡን ወይም የታፋውን ለስላሳ ክፍል ሁለት ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉ፣ በወረቀት ፎጣ አድርቁ፣ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ለሃያ ደቂቃ ተዉት። ወፍራም ብረት ምጣድ ዘይቱ ጭስ እስኪል ይጋል። በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ አትጨምሩ። ምጣዱ ከሞላ ሥጋው ውሃ ይለቅና በራሱ ውሃ ይቀቀላል፤ ያኔ ግራጫ ሆኖ ጉበት ጉበት ይላል። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል አገላብጡና ወደ ሳህን አውጡ። ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የጥብስ ቅጠሉን በዚያው ምጣድ ለብቻ አብስሉ፣ ከዚያ ሥጋውን መልሱ፣ ቅቤና ጨው ጨምሩ፣ አንድ ጊዜ አዙራችሁ አውርዱ። ቴርሞሜትር ካላችሁ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ ቁራጭ የሚመክረው 63 ዲግሪ (145 ፋራናይት) ደርሶ ሦስት ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። ይህ ቁጥር ለጥብሱም ይመቻል፤ ከዚያ በላይ አታሳልፉት።

ጣዕሙ ገና ጥሬው ሳለ ከሸተተ የቀረ ደም ነው። ቁስሉ ዙሪያ ደም የቋጠረውንና የጠቆረውን ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ። የቀረውን በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 30 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ለአራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ አድርቁ። እንደ ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ግን አይመከርም። ሎሚው ላዩን ያነጣዋል፣ ውሃው ይሰርገዋል፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ መጥበስ ቀርቶ መንፈቅፈቅ ይሆናል።

የፈርስ ሽታ፣ ወይም መራራነት

ጥይቱ ሆድ ዕቃው ላይ ካረፈ ወይም ሆዱ ሲከፈት ቢላው ጨጓራውን ከበሳ ፈርሱ ሽንጡ ላይ ይፈስሳል። ፊሌቶው ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል፤ የሚገኘው ከኩላሊቱ ሥር፣ በሆድ በኩል ስለሆነ። መፍትሄው ፍጥነት ነው። የሆዱን ውስጥ ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁ፣ አረንጓዴ የነካውን ላጡ። ውሃ የሚገባው እዚህ ብቻ ነው፤ ማድረቁን አትርሱ። ሰዓታት ካለፉት በኋላ ማጠብ ትርፉ ባክቴሪያውን ማዳረስ ነው፤ ያኔ ቆርጦ መጣል ይሻላል። ፊኛውን አንገቱን በጣት ቆንጥጣችሁ ይዛችሁ አውጡ።

በግ ወይም ፍየል ያረደ ሰው ሥጋ ሲመርረው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሐሞት ነው። አጋዘንና ኤልክ ግን የሐሞት ከረጢት የላቸውም፤ ጉበቱ ላይ ብትፈልጉም አታገኙም። ስለዚህ የአጋዘን ሥጋ ከመረረ ጥርጣሬያችሁ ወደ ዕጢዎቹ፣ ወደ ፈርሱና ወደ ሽንቱ ይሂድ። ፕሮንግሆርን በአንጻሩ ሐሞት አለው፤ ከእሱ ጋር እንደ ፍየል ተጠንቀቁ።

አጥንቱ አካባቢ ይጎመዝዛል

ላዩ ደኅና ይመስላል፣ ወደ ታፋው አጥንት ሲጠጉ ግን አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሆኖ የኮመጠጠና የበሰበሰ ሽታ ይወጣል። ታፋው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ መሃል ላይ ታስሮ ቀርቷል ማለት ነው። ከአጋዘን ይልቅ ትልቅ ኤልክ ላይ ይከሰታል፤ የአየሩ ቅዝቃዜም ብቻውን አያድንም፣ ቆዳው እንደ ብርድ ልብስ ያግደዋልና።

ይህን ሥጋ የሚመልስ ቅመም የለም። የተነካውን ክፍል በስፋት ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሽታው ከተዳረሰ ሁሉም ይጣል። ለሚቀጥለው ጊዜ ሆዱን ወዲያው ክፈቱ፣ አየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቆዳውን ሳትውሉ ግፈፉ፣ ኤልክ ከሆነ ታፋውን እስከ አጥንቱ ሰንጥቃችሁ ክፈቱት። ግባችሁ ሥጋው በተቻለ ፍጥነት ከ4 ዲግሪ (40 ፋራናይት) በታች እንዲወርድ ነው።

የታሸገበት ቫኪዩም ከረጢት ሲከፈት የሚመጣው ቀላል ጎምዛዛ ሽታ ከዚህ ይለያል። ሥጋውን ሳህን ላይ አውጥታችሁ ለሃያ ደቂቃ ተዉት፤ ከጠፋ ሥጋው ደኅና ነው፣ ካልጠፋ ወይም ሥጋው ካዝለገለገ ተበላሽቷል።

አይታኘክም

እዚህ ላይ አራት ምክንያቶች አሉ፤ ሰው የሚያስበው ግን አንዱን ብቻ ነው፦ «አርጅቷል»። እርጅናው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የአምስት ዓመት ወንድ እንደ ዓመት ከመንፈቁ ጥጃ አይለሰልስም።

ሁለተኛው ቶሎ መቀዝቀዙ ነው። ከላይ ስለ ፍጥነት ከተባለው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን ልዩነቱ በዲግሪው ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላ ጡንቻው ይደርቃል፣ ከዚያ ይለቃል፤ ይህ ግማሽ ቀን አንዳንዴም ሙሉ ቀን ይወስዳል። ገና ሳይደርቅ ከ10 ዲግሪ በታች በፍጥነት ከወረደ፣ ወይም ከአጥንቱ ከተለየ፣ ጡንቻው ይኮማተርና እንደ ተኮማተረ ይቀራል። አጋዘን ትንሽና ስብ የለሽ ስለሆነ በሚኒሶታ ውርጭ ይህ በቀላሉ ይደርስበታል። ውጭው ከዜሮ በታች ከሆነ ሆዱን ከፍታችሁ ቆዳውን ሳትገፍፉ እስከ ማግስቱ ስቀሉት። ሙቀት ከሆነ ግን ለስላሳነቱ ይቅርና ሥጋው ይትረፍ፤ ወዲያው አቀዝቅዙ። በታረደበት ቀን ቆራርጦ ፍሪዘር መክተት በሁለቱም ሁኔታ መጥፎ ነው።

ሦስተኛው አለማሳደር ነው። ከ1 እስከ 4 ዲግሪ በሚሆን ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ተሰቅሎ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ሽቦ ላይ ተቀምጦ ያደረ ታፋ በግልጽ ይለሰልሳል። ቀጥሎ ላዩ የደረቀውን ላጡ። የሚሰቀልበት ጋራዥ ቀን ላይ ከ4 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ አትሞክሩት። ፍሪጅ ውስጥ ታፋው ትሪ ላይ ይቀመጥ፣ ከሌላ ምግብ ጋር አይነካካ።

አራተኛው ክፍሉንና አሠራሩን አለማገናኘት ነው፤ ከሁሉ የሚበዛውም ይኸው ነው። ሽንጥና ፊሌቶ ለጥብስ ናቸው። ወርች፣ አንገትና ቅልጥም ለጥብስ ከዋሉ ማንም አያኝካቸውም፤ ለቀይ ወጥ ግን ከእነሱ የሚበልጥ የለም፣ ጅማታቸው ሲቀልጥ መረቁን ያወፍረዋልና። ለአንድ ኪሎ የአንገት ሥጋ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላሉ፣ ቅቤውንና በርበሬውን ጨምራችሁ እስኪበስል አሹ፣ ሥጋውን ከተቱ፣ ሙቅ ውሃ ጥቂት በጥቂቱ እያከላችሁ በዝግታ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት አብስሉ። አንድ ሰዓት ላይ ቀምሳችሁ «ደረቀ» ብላችሁ አታውርዱት፤ ጅማቱ ገና አልቀለጠም። ፍልቅልቅ ካለ ግን ይደርቃል፣ እሳቱ ብልጭ ብልጭ የሚያደርገው ብቻ ይሁን። ጥብሱም ሲከተፍ ቢላው የሥጋውን ጭረት አቋርጦ ይሂድ።

ጠቁሮ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል

ቆስሎ ሲሮጥ የቆየ እንስሳ በጡንቻው ያከማቸውን ስኳር ጨርሶ ይሞታል። ስኳሩ ወደ አሲድ ተለውጦ ሥጋውን ማረጋጋት ሲገባው የሚለወጥ ነገር አልቀረም፤ ሥጋው ጥቁር ቀይ፣ ደረቅና የሚጣበቅ ይሆናል። ሊበላ ይችላል፣ ግን ለማሳደር አይሆንም። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አብስሉት ወይም አቀዝቅዙት፣ ለወጥ አውሉት።

ነጥቶና ውሃ ቋጥሮ መጣ

በረዶ ኩለር ውስጥ ቀልጦ ሥጋው ሲዋኝ ያደረ ነው። በረዶውን በጠርሙስ ወይም በተዘጋ ከረጢት አድርጉ፣ የኩለሩን መፍሰሻ ክፍት ተዉ፣ ኩለሩን በትንሹ አዘንብሉ። የመጣውን አድርቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሽቦ ላይ ሳትሸፍኑ አንድ ሌሊት አሳድሩ፤ አብዛኛው ይመለሳል።

ፍሪዘር ፍሪዘር ይላል፣ ያረጀ ዘይት ይሸታል

የኛ ሰው ሥጋ ከሌላው ይልቅ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፤ ምክንያቱ ጾሙ ነው። በሚኒሶታ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር መጀመሪያ ነው፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24) ይገባል። ስለዚህ ሥጋው ለገና ይቀመጣል፣ የተረፈው ዐቢይ ጾምን አልፎ ለፋሲካ ይደርሳል። የአጋዘን ስብ በቅዝቃዜም ውስጥ አየር ካገኘ ያረጀ ዘይት መሽተት ይጀምራል፤ የተፈጨ ሥጋ ደግሞ አየር በየቅንጣቱ ገብቶበታል።

ክፍፍሉን በጾሙ ልክ አድርጉ። የተፈጨው ጣዕሙ የሚጠበቀው ከሦስት እስከ አራት ወር ስለሆነ በገናና በዐቢይ ጾም መካከል ይለቅ። ለፋሲካ የሚቀመጠው ሙሉ ቁራጭ ይሁን፤ ስቡ ወጥቶ፣ በቫኪዩም ታሽጎ፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ወር ይቆያል። ቫኪዩም ከሌላችሁ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ በላዩ የፍሪዘር ወረቀት ደርቡ፣ ቀኑንና ክፍሉን ጻፉበት። ነጭ ደረቅ ቁስል ያወጣውን ላጡና ቀሪውን አብስሉ። ያረጀ ዘይት የሚሸተው ግን አይመለስም።

ክትፎው ፍርፍር አለ፤ ጥሬውስ ይበላል?

ፍርፍር ማለቱ ስብ ስለሌለው ነው። ለአንድ ኪሎ ቅቤውን ለበሬ ክትፎ ከምታደርጉት በሩብ ያህል አብልጡ፤ ሥጋው ሲጨመር ቅቤው የሞቀ ይሁን።

ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ያለውን ግን በዱር አጋዘን እንዳትሠሩ። ሜዳ ላይ የተከፈተ ሥጋ የሆድ ዕቃ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክም በአጋዘን ሥጋ ውስጥ ይገኛል። ማቀዝቀዝ ለሁለተኛው ይረዳል፣ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ (160 ፋራናይት) ይድረስ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ይህ ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባለው የአጋዘንና የኤልክ የአንጎል በሽታ መጀመሪያ በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ታየ፤ ዛሬ ሚኒሶታ፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ቴክሳስም አለ። ወደ ሰው እንደተላለፈ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ነገር ግን ምክንያቱ የሆነው ፕሮቲን በማብሰል አይጠፋም፤ ጣዕምም ሽታም የለውም። በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነውን አስመርምሩ፣ ውጤቱ እስኪመጣ አትብሉ፣ ከተገኘበት ጣሉት። አንጎል፣ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር፣ ዓይንና ጣፊያ አይበሉ፤ ለመረቅም የአከርካሪውን ሳይሆን የቅልጥሙን አጥንት ተጠቀሙ። ፕሮሰሰሩ የእናንተን ሥጋ ከሌላ አጋዘን ጋር እንዳይፈጭ ጠይቁ።

የጥይቱ እርሳስም እንደዚሁ ምላስ ላይ አይታወቅም። በ2008 ሰሜን ዳኮታና ሚኒሶታ በልገሳ በተሰጠ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ቁስሉ ዙሪያ በስፋት ቁረጡ፣ ያንን ክፍል ወደ መፍጫ አታስገቡ፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር የሚሆነው ሥጋ በመዳብ ጥይት የታደነ ይሁን።

ቋንጣው ሻገተ ወይም ዘይት ዘይት አለ

ዘይት ዘይት ካለ ስብ ቀርቶበታል። ከሻገተ ወፍራም ተዘልዝሏል ወይም አየር አላገኘም። ታፋውን ግማሽ አቀዝቅዛችሁ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘልዝሉ፤ በከፊል የጠጠረ ሥጋ እኩል ይቆረጣል። ለአንድ ኪሎ 20 ግራም ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ቀቡት፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ሲያትል ወይም ሂውስተን የለም፤ ገመድ ላይ ማስጣት እዚያ አይሠራም። መጀመሪያ ኦቨን ውስጥ ሥጋው 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቁት፣ ከዚያ ማድረቂያ ማሽን ላይ በ60 ዲግሪ አድርቁት። ሲታጠፍ ሳይሰበር የሚሰነጠቅ ከሆነ ደርሷል። ማሸጊያው ውስጥ በማግስቱ ጤዛ ካያችሁ መልሳችሁ አድርቁ።

የዱር ዳክዬና ዝይ ዓሣ ዓሣ ይላል

የበላው ነገር ነው። እህልና ሣር የሚበላ ዳክዬ ለስላሳ ነው፤ ዓሣ አሳዶ የሚኖረው መርጋንሰር የሚባለው ዓይነት ግን ስቡ ዓሣ ይሸታል። ቆዳውንና ስቡን በሙሉ ገፍፋችሁ ደረቱን ብቻ ተጠቀሙ። የካናዳ ዝይ በአብዛኛው ሣርና በቆሎ ስለሚበላ ዓሣ አይልም፤ ደረቱ ቀይና ስብ የለሽ ስለሆነ ግን እንደ አጋዘን ሽንጥ አቋርጣችሁ በስሱ ቁረጡት። እግሮቹን ለወጥ አስቀሩ፤ ሦስት ሰዓት ይፈልጋሉ።